ወንድሜን ከበር የመለስኩ ቀን

ታላቅ ወንድሜ በሬውን የሸጠው በእኔ ምክር ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ ብናገር ይሻለኛል። ስለዚያ የበሽታ ዘመን ሲወራ ሰው ሁሉ የደረሰበትን በበሽታው ያሳብባል። እኔም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ሳደርግ ኖሬያለሁ።

እኔ የጉዞ ምግብ አብሳይ ነኝ። ሰሜን ተራሮችን በእግር ሊያዩ የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎችን እየተከተልኩ፣ ድንኳን በተተከለበት ሁሉ ማታ ሾርባና ፓስታ፣ ጠዋት ፓንኬክ እሠራለሁ። ቤቴ ጎንደር ነው። ወንድሜ ግን ከደባርቅ ወዲያ ባለው ደጋ፣ ተወልደን ባደግንበት ቀዬ፣ የአባታችንን መሬት እያረሰ ይኖራል። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተ አርሶ ያበላኝ፣ ከተማ ሰዶ ያስተማረኝም እሱ ነው። እሱ ራሱ ግን ፊደል አልቆጠረም። ስሙን ጠርቼው አላውቅም፤ አያ እለዋለሁ።

በሽታው ከመምጣቱ በፊት በነበረው መስከረም፣ ለመስቀል አገር ቤት ሄጄ ነበር። ያን ጊዜ ሥራው ሞቆ ነበር። ፒያሳ ያሉት ሆቴሎች ቀድሞ ላልያዘ ሰው ክፍል የላቸውም ነበር፤ እኔም ከአንዱ ጉዞ ተመልሼ ልብሴን ሳላጥብ በሌላው እወጣለሁ። አዲስ ጫማ አድርጌ፣ ለልጆቹ ቦርሳ፣ ለሚስቱ ሻርፕ ይዤ ሄድኩ። ጠላው ቀርቦ ስንጫወት እንዲህ አልኩት።

«አያ፣ በሬ በዓመት ስንት ቀን ያርስልሃል? የቀረውን ጊዜ ቆሞ ይበላል። በቅሎ ብትገዛ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ጭና ትወጣለች፣ ጭና ትወርዳለች። ተራውን እኔ አስይዝልሃለሁ።»

«ቆሞም ይብላ፣ በሬው የእኔ ነው» አለ። «በቅሎዋን የሚያሠራት ፈረንጁ ነው። እሱ የቀረ እንደሆነስ?»

«ፈረንጅ የት ይቀራል? በየዓመቱ እየበዛ ነው እኮ!»

የወንድሜ ሚስት ቆሎ ስታቀርብ ሰማችን። «ምነው አንተ? ጥማድ በሬ ይፈታል? በአንድ በሬ የሚያርስ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። «እታለም፣ ዘመኑ ተለውጧል» አልኳት። ያን ሳቅ አሁን ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። የእሷን ንግግር የገጠር ሰው ፍራቻ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

ወንድሜ ሦስት ቀን አሰበበት። በሬ ሸጦ በቅሎ መግዛት የፈለገ አይመስለኝም፤ ያስተማረው ወንድሙ የተናገረውን መጣል ነው የከበደው። ከሁለቱ በሬዎች ትልቁን፣ ቀዩን፣ አንዲት ጊደር ጨምሮ ሸጠና ደባርቅ ገበያ አንዲት ዳማ በቅሎ ገዛ። ገበያው ላይ አብሬው ነበርኩ። ቀዩን በሬ ገዢው ሲነዳው ወንድሜ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ እስኪርቅ ድረስም ጫማውን እያየ ቆመ።

ለጥቂት ወራት እውነተኛ መካሪ መሰልኩ። ከጥቅምት እስከ የካቲት በቅሎዋ ሥራ አልፈታችም። ወንድሜ የእንግዶቹን ጓዝና የእኔን የወጥ ቤት ሣጥን ጭኖ አብሮኝ ይጓዝ ጀመር። ከልጅነቴ ወዲህ እንዲያ አብረን ከርመን አናውቅም። ሰፈር ስንደርስ እኔ ምድጃ ስለኩስ እሱ ውኃ ያመጣልኛል፤ ሽንኩርት ስልጥ እያየ ይስቅብኛል። «እናታችን ይህን ብታይ! ወንዱ ልጇ ወጥ ቤት ገባ» ይላል። ከእንግዶቹ የተረፈውን ፓስታ ስሰጠው በእጁ ጠቅልሎ ሊጎርስ ይሞክርና እየሾለከ ሲያስቸግረው ሁለታችንም እንስቃለን። እነዚያ ማታዎች ከሕይወቴ ሸጋ ከምላቸው ውስጥ ናቸው።

መጋቢት ላይ ግጭ በሚባለው የተራራ ማረፊያ ሰፍረን ነበር። ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ይዘን ነበር የወጣነው። አስጎብኚው ስልክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። በሽታው አገራችን ገብቷል፤ አውሮፕላን ሊቆም ነው፤ እንግዶቹ በአስቸኳይ ይመለሱ ተብሏል። በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑን ነቅለን ወረድን። በሌላ ጊዜ ልጆች ከየቤቱ እየሮጡ ወጥተው እንግዶቹን ያጅቡ ነበር። ያን ቀን እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት አስገቡ። አንዲት ሴት ከአጥሯ ጀርባ ሆና «ኮሮና! ኮሮና!» ብላ ጮኸች። የውጭ አገሯ ሴትዮ ቃሉን ስለምታውቀው ገባትና አንገቷን ደፋች። መኪናው ጋ ስንደርስ ለወንድሜ እጇን ልትዘረጋ ብላ መለሰችው። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳት።

መኪናው ሲሄድ «መቼ ይመለሳሉ?» አለኝ።

«ከፋሲካ በኋላ» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ማንም እንዲህ አላለኝም ነበር።

ጎንደር ስገባ ከተማው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። በየሱቁ በር ጀሪካንና ሳሙና ተቀምጧል። ባጃጁ የሰው ቁጥር ቀንሶ ዋጋ ጨመረ። የቤተ መንግሥቱ ግንብ በር ተዘጋ። ምእመናን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ተራርቀው ቆመው ያስቀድሱ ጀመር። ለቅሶ ቤት እንኳ ድንኳን ቀረ። ጎንደር ላይ ለቅሶ አለመድረስ ማለት ምን እንደሆነ የምናውቅ እናውቀዋለን። ሰው ሞቶበት ብቻውን የተቀመጠ ጎረቤቴን በመስኮት «እግዚአብሔር ያጥናህ» ብዬው አልፌያለሁ።

ሥራዬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠፋ። መጀመሪያ በሽታው ያልፋል ብዬ ጠበቅሁ። ቀጥሎ ሳምቡሳ እየጠበስኩ በር ላይ ልሸጥ ሞከርኩ። ከስንት አገር የመጣ ሰው ከእጄ በልቶ አመስግኖኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የሰፈሬ ሰው ከሌላ ሰው እጅ ምግብ መቀበል ፈራ። በአራተኛው ቀን የቀረውን ሳምቡሳ እኛው ተመግበን ተውኩት። ባለቤቴ የምታጸዳበት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ማቀዝቀዣው ተሸጠ፤ ቴሌቪዥኑ ተከተለ። ከተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች አንዱን ለቀን፣ ከሁለት ሴት ልጆቻችን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ገባን።

የቤቱ ባለቤት የመሪጌታ ሚስት የነበሩ አሮጊት ናቸው፤ እማማ ነው የምንላቸው። ግቢው ውስጥ ከእሳቸውና ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። እሳቸው በእኛ ላይ አንድም ቀን አልከፉብንም። ኪራይ ሲዘገይ «እግዜር ሲሰጥህ ትሰጣለህ» እያሉ ያልፉኝ ነበር። የእሳቸውን ደግነት የምጽፈው በስማቸው ያደረግሁት ነገር ስላለ ነው።

የወንድሜ መንደር ስልክ የሚይዘው ከአንድ ተረተር ላይ ብቻ ነው። በገበያ ቀን እዚያ ወጥቶ ይደውልልኝ ነበር። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ደወለ።

«በቅሎዋ ቆማ ገብስ እየበላች ነው። የእርሻው ጊዜ እየደረሰ ነው። ሸጬ በሬ ልተካ?»

ያኔ «ሽጥ» ብለው ኖሮ ነገሩ በዚያ ያበቃ ነበር። የበቅሎ ዋጋ ገና አልወረደም። እኔ ግን «አትሽጥ አያ፤ ታገሥ። ክረምቱ እንዳለፈ ይመጣሉ። ያን ጊዜ በቅሎ የሌለው ሰው ይቆጫል» አልኩት። እንደተሳሳትኩ አምኖ መቀበል አቃተኝ። ካልሸጣት ምክሬ ገና አልከሸፈም ማለት ነው፤ እንዲያ ነበር ያሰብኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲደውል ባለበቅሎው ሁሉ በቅሎውን ገበያ አውጥቶ ዋጋው ወድቆ ነበር። የሚገዛም ጠፋ። ነገረኝ እንጂ አልወቀሰኝም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የምመልስለት ነገር እንደሌለኝ አሰብኩ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ስልኬ ሲጮህ ዝም አልኩት። በሚቀጥለውም። ባለቤቴ «ወንድምህ ነው እኮ» ስትለኝ «ኋላ እደውላለሁ» አልኳት። ግን ከተረተሩ ከወረደ በኋላ ደውዬ እንደማላገኘው አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው ኋላ ያልኩት።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ገና አባርቶ የግቢው የቆርቆሮ በር ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ ወንድሜ ነው። ጋቢው ርሶ ከላዩ ላይ ተጣብቋል፤ በጋቢው ጫፍ አፍና አፍንጫውን ሸፍኗል። በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው ትንሽ ጆንያ ይዟል። የጫማው ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል።

ትንሿ ልጄ ድምፁን ሰምታ «አጎቴ! አጎቴ መጣ!» ብላ ሮጠች። ክንዷን ያዝኳት። ለእናቷ ሰጥቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ከፍቼ፣ እኔው በክፍተቱ ቆምኩ።

«አያ! እንዴት መጣህ?»

«በመኪና ነው። እንዲያው ላያችሁ ብዬ» አለ። «ስልኩም አልነሳ አለኝ። ደህና አይደሉም ብዬ ሠጋሁ።»

«ደህና ነን። ስልኩ ተበላሽቶ ነው።»

ዓይኑ ከትከሻዬ በላይ ወደ ግቢው ሄደ። ልጆቹን ነበር የሚፈልገው። እኔ ግን የሚያየው ሌላ መሰለኝ። ማቀዝቀዣ የነበረበት ባዶ ቦታ፣ ከግድግዳው ጋር የቆመው የአራታችን ፍራሽ፣ ምሳ ያልተሠራበት ምድጃ ታየኝ። እንዲያ ያለውን ቤት እሱ አይቶት አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ለመስቀል ቦርሳና ሻርፕ ይዞ የመጣውን ወንድሙን ነው። ቢገባ ደግሞ ቁጭ ብለን ስለ በሬው ማውራታችን አይቀርም።

«አያ፣ አትቀየመኝ» አልኩት። «የቤቱ ባለቤት እንግዳ እንዳይገባ ከልክለዋል። አሮጊት ናቸው፤ በሽታውን ይፈራሉ። ሰው ካስገባችሁ ቤቴን ልቀቁ ብለዋል።»

 ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በሽታ ይዞ የመጣ ይመስል ጋቢውን ወደ ዓይኑ ሥር ከፍ አደረገው።

«ልክ ናቸው። ምን ያድርጉ? አሮጊት ሰው ናቸው» አለ። ጆንያውን ከበሩ ሥር፣ ደረቅ ቦታ መርጦ አስቀመጠ። «በሶ ነው። እታለምህ የፈጨችው ነው። ለልጆቹ በጥብጣችሁ ስጧቸው።»

«የት ታድራለህ?» ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ መንገደኛ እንኳ ይጠየቃል። እኔ ያልኩት «ዝናብ ሳይመለስ ሂድ» ነው። ልጄ ከውስጥ እያለቀሰች ነበር። እሱም ሰማት። «ኋላ ተመልሼ እመጣለሁ ብሏል በላት» አለና ቁልቁለቱን ወረደ።

ባለቤቴ ጆንያውን አንሥታ ወደ ውስጥ አስገባችውና ፈታችው። በሶው የመጨረሻው ገብስ መሆኑን ከማነሱ አወቀች። «ክረምት ላይ ከቤቱ ቀንሶ ነው ያመጣው» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለጆንያው እንደምትናገር ሆና።

በማግስቱ እማማ ከኪዳን ሲመለሱ እኛ ክፍል በር ላይ ቆሙ። በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ጠሩኝ።

«እኔ መቼ ነው እንግዳ የከለከልኩህ?»

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«ደጀ ሰላሙ ሥር ያደረ አንድ የደጋ ሰው አገኘሁ። በብርድ ይንቀጠቀጣል። ከየት ነህ ብለው ወንድሜን ልጠይቅ መጥቼ ነበር፣ የቤቱ ባለቤት በሽታ ፈርተው ነው፣ አልቀየምም አለኝ። የማንኛዋ ባለቤት ብለው፣ ያመለከተኝ የእኔን በር ነው። መልኩም ያንተው ነው።»

«እማማ...»

«ዝም በል፣ ልጨርስ። እኔ አልከለከልኩም፣ ተነሥ ልጄ፣ ቤቴ ግባ፣ እሳት ሙቅ አልኩት። ለመንኩት። አሻፈረኝ አለ። ‹እናቴ፣ አሁን ከእርስዎ ጋር ብመለስ ወንድሜ ያፍራል› ነው ያለኝ።» መቋሚያቸውን ወደ ግቢው በር ቀሰሩ። «እንግዳ ሆኜ ብመጣ ተቀበላችሁኝ የሚለውን ስንት ዓመት ስሰማ ኖሬ፣ በእርጅናዬ በስሜ ሰው ከደጅ ተመለሰ።»

እየሮጥኩ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ የለም። መናኸሪያ ስደርስ የደባርቅ መኪና ወጥቷል አሉኝ። ተሳፋሪ ሲያስገባ የነበረውን ረዳት ጋቢ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ ሰው አይተህ እንደሆነ ብዬ ጠየቅሁት። «ሁሉም ጋቢ ለብሶ ዱላ ይዟል» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን እንኳ ደፍሬ ልደውልለት አልቻልኩም። እንደዋሸሁት ያውቃል፤ እንደሚያውቅም አውቃለሁ። መሄድ ነበረብኝ። መንገዱ አልተዘጋም፤ ዋጋው ቢጨምርም መኪና ነበር። ግን «በዚህ በሽታ ጊዜ ወደ ገጠር መሄድ ሰውን መበከል ነው» እያልኩ ለጎረቤት ሳወራ፣ አዋቂና አሳቢ ሰው መስዬ ለራሴም ታየሁ። አፍና አፍንጫ መሸፈኛዬን ሳላጠልቅ ከቤት አልወጣም ነበር። ጥንቃቄዬን የሚያዩ ሰዎች አመሰገኑኝ።

ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ የወንድሜ ሚስት ከተረተሩ ላይ ደወለች። ወንድሜ ቆላ ወርዷል አለችኝ፤ መተማ፣ ሰሊጥ አረምና አጨዳ። ጎንደር የመጣው ለዚያ ነበር። ቆላ ከመውረዱ በፊት ቤቱንና ልጆቹን አደራ ሊለኝ ነበር የመጣው። አደራው በአፉ እንዳለ ነው ከበሬ የመለስኩት።

«በአንድ በሬ ምን ያድርግ?» አለች። «ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ ሊያርስ ብሎ፣ ተራው ሲደርሰው ዝናቡ ጥሎ ነበር። ዘግይቶ ዘራ። ከዚያ በፊት ደግሞ በቅሎዋን ከበሬው ጋር ጠምዶ ሞክሮ ነበር። በቅሎዋ ቀንበሩን ሰብራ ሄደች። መንደሩ ሳቀበት። እሱም አብሮ ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።» በቅሎዋንም ኋላ ለአዲ አርቃይ ነጋዴ በማይረባ ዋጋ ሰጥቷታል። ዘግይቶ የተዘራውን ባቄላ ውርጭ መታው።

ስለ በሬው አንድ ቃል አልወጣትም። «ብዬህ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ሌላ መከራም በአገሩ ላይ መጣ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም፤ የብዙ ሰው ነው። የእኔ ወንድም ከቆላ የተመለሰው በኅዳር ነው። ጥቂት ወር ደህና ከርሞ ትኩሳት ጀመረው። መጀመሪያ ኮሮና ነው ብለው ጎረቤቶቹ ሸሹት። ሳል የለውም፤ ሆዱ ግን እያበጠ፣ ሰውነቱ እያለቀ ሄደ። በኋላ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ቆላ የሚሠሩ ደገኞችን የምትነክስ ትንሽ ዝንብ ታመጣዋለች፤ ሳይታከሙት ከቆዩ ይገድላል። ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ተላከና ብዙ ሳምንት መርፌ እየተወጋ ተኛ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት አገር ቤት ከተመለሰ በኋላ ነው። ከእኔ ቤት ሐኪም ቤቱ በባጃጅ የሩብ ሰዓት መንገድ አይሆንም። በእነዚያ ሳምንታት በሐኪም ቤቱ አጥር ሥር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ወንድሜ ውስጥ ተኝቶ፣ ምግብ የሚያመጣለት የሌላ በሽተኛ አስታማሚ ነበር። አብሳዩ ወንድሙ እዚያው ከተማ እያለ ማለት ነው። ሚስቱን «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብዬ በስልክ ጠየቅኋት።

«እኔ እደውልለት ብዬው ነበር። ‹ተይው፣ አይጨነቅ፤ ቤቱ አይመቸውም› አለኝ» አለች።

ያን ጊዜ ሄድኩ። ከደባርቅ ያለውን ግማሽ ቀን መንገድ በእግሬ ስሄድ የምለውን ስሸመድድ ነበር። ስደርስ ወንድሜ ከቤቱ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ጉንጩ ገብቷል። እኔን ሲያይ ተነሣ። ልከለክለው ብሞክርም ተነሣ።

«ግባ፣ ግባ። ምነው ብቻህን? ልጆቹስ?» አለ። ለሚስቱ «እንግዳ መጥቷል» አላት።

እንግዳ አለኝ። ከመደቡ ላይ ደህናውን ቆዳ አነጠፉልኝ። ሴት ልጁ እጄን አስታጠበችኝ። ወንድሜ እኔ ካልጀመርኩ አልጎርስ አለ፤ ለባዕድ እንደሚደረገው። ድሮ እዚያ ቤት ስመጣ ማሰሮውን ራሴ ከፍቼ ነበር የምበላው፤ እሱም «ይህ ጅብ መጣ» እያለ ይሰድበኝ ነበር። ያን ስድብ ጠበቅሁ። አልመጣም።

ከበላን በኋላ ብቻችንን ስንቀር ተንበረከክሁ።

«አያ፣ ዋሽቼሃለሁ። እማማ አልከለከሉም። ቤቴ ባዶ ነበር፤ አፈርኩ። በበሬውም አፈርኩ። ይቅር በለኝ።»

ክንዴን ይዞ አነሣኝ። እጁ ቀሏል። «ተነሥ፤ ምን ሆነሃል?» አለ። «የበሽታው ጊዜ ነዋ! ያኔ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር። አባት ልጁን የሸሸበት ጊዜ ነው። ያንተ ብቻ አይደለም።»

በሽታውን ሰበብ አድርጎ ሰጠኝ። እኔ አልፈራሁም ነበር፤ ስለ በሽታው አንዴም አላሰብኩም ነበር፤ እሱን ከበሬ የመለሰው ኀፍረቴ ነው። ይህን መልሼ ልነግረው ይገባኝ ነበር። እሱ ግን ነገሩ በዚያ እንዲያልቅ የፈለገ መሰለኝ። ደክሞት ነበር። «እሺ አያ» አልኩት። እስከ ዛሬ ያ «እሺ» ከበሩ ላይ ካልኩት ውሸት እኩል ይጸጽተኛል። በበር ላይ የዋሸሁት ደንግጬ ነው፤ «እሺ» ያልኩት ግን አስቤበት ነው።

አሁን እንግዶች ጥቂት ጥቂት እየመጡ ነው፤ ሰላሙ ሲፈቅድ ማለቴ ነው። ጉዞ በሌለበት ወር ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ እሠራለሁ። ከመጀመሪያው ደህና ሥራዬ በኋላ ለወንድሜ ወይፈን ገዝቼ ወሰድኩለት። ተቀበለ፣ መረቀኝ። ቀንበር እስኪለምድ ሁለት ዓመት ፈጀ። ወንድሜ ግን እንደ በፊቱ ቀኑን ሙሉ ሞፈር መያዝ አይችልም፤ እኩለ ቀን ሲሆን ልጁ ከእጁ ትቀበለዋለች። ሴት ልጅ ስታርስ ያዩ ጎረቤቶች መጀመሪያ አንሾካሾኩ፤ አሁን ለምደውታል። ትምህርቷን ያኔ እንደተዘጋ ነው የተወችው። እኛ ቤት መጥታ እንድትቀጥል ጠይቄ ነበር። «አንተን ማስቸገር ነው» አለ አባቷ፣ በጨዋ አነጋገር።

እማማ ባለፈው ዓመት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ድንኳን ተተከለ፤ ሰው ተቃቅፎ አለቀሰ። ወንድሜ ሰምቶ ከአገር ቤት መጣ። አንድ ሌሊት ሊያስጠልለው ያልቻለ ቤት ባለቤት ናቸው፤ እሱ ግን የለመኑትን ቃል ቆጥሮላቸው ነው የመጣው። ከቀብር በኋላ ቤት እንሂድ አልኩት። ባለቤቴም ለመነችው። ልጆቼ ግራና ቀኝ እጁን ያዙ። ትንሿ ልጄ አሁን አድጋ ደረቱ ላይ ደርሳለች።

«መኪናው ያመልጠኛል» አለ፣ ራሷን እየዳበሰ። «በሌላ ጊዜ።»

መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። መኪናው እስኪሞላ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ ዋጋ፣ ስለ ወይፈኑ ጠባይ አወራን። ደህና ወንድማማቾች እንመስል ነበር። ረዳቱ በሩን ሲዘጋ ወንድሜ በመስኮቱ በኩል «በል ግባ፣ ብርድ እንዳይመታህ» አለኝ። መኪናው ወደ ደባርቅ መንገድ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁ፤ ከዚያ በባጃጅ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።